ለአምስት ወር የዋጥኳት ቀይ ክኒን

መጀመሪያ ጠመኔ እበላ እንደነበር ልናዘዝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ፣ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ቀሚስ፣ ጅልባብና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ጨርቅ ላይ የምናሰምርባት ጠፍጣፋ ጠመኔ አለች። አንድ ቀን ጫፏ ተሰብሮ ከንፈሬን ነካችኝ። ጣፈጠችኝ። ወላሂ ጣፈጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ቆርጠም ማድረግ ሆነ ሥራዬ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "እትዬ፣ ይሄን ጠመኔ ማን ነው የሚጨርሰው?" ስትለኝ "አይጥ ይሆናል" አልኳት።

የዛሬዋ ባለጉዳዬ ያንን ጠመኔ ያስተወችኝ ክኒን ናት። የመድኃኒት ቤት ስሟ ፌረስ ሰልፌት ነው። ሰዉ "የደም ማነስ ክኒን" ይላታል፤ እኔ ቀይዋ እላታለሁ። ሰው ስለ ስልክና ስለ ካፌ እየገመገመ ሲጽፍ አያለሁ። እኔ በዚህ ዓመት ገንዘብ ካወጣሁበት ነገር ሁሉ ትንሽ ከፍዬ ብዙ ያገኘሁት ከዚች ክኒን ነው። ብዙ ያበሳጨችኝም እሷው ናት።

ነገሩ የጀመረው በዳገት ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ዳገት ስል ይገባዋል። ቤቴ በጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ ነው። ድሮ ሱቅ ዘግቼ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ፣ ስልክ እያወራሁ የምወጣው መንገድ ነበር። ባለፈው ክረምት ሦስት ቦታ መቆም ጀመርኩ። መጀመሪያ የሰው አጥር ተደግፌ መልእክት የማነብ እመስል ነበር። ቆይቶ ማስመሰሉም ደከመኝና ለባጃጅ መክፈል ጀመርኩ። ልቤ ቁጭ ብዬም ሩጫ ላይ ናት። ማታ ትራስ ላይ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ አለ፤ ከልቤ ምት ጋር እኩል። እግሬ አልጋ ውስጥ አላርፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስለምረግጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ጥፍሬ ነው። ሳሳ። መሃሉ ጎደጎደ፤ ጠብታ ውኃ ቢያስቀምጡበት የሚይዝ ማንኪያ መሰለ። ጫፉ ይሰነጠቃል። ሳቲን ስሰፋ እያንዳንዱ ጣቴ ክር ይመዛል። የሰው ሠርግ ቀሚስ ላይ ክር መምዘዝ ምን ማለት እንደሆነ የሰፋ ያውቀዋል።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ጎረቤቴ "ብርድ ነው እታለም፣ ወገብሽን አትታጠቂም" አለችኝ። እህቴ ኮምቦልቻ ናት። እሷ ጋ ስወርድ ደህና እሆናለሁ። ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ድካሙ አብሮኝ ይሳፈራል። "ደሴ አልስማማሽ ብላለች" አለችኝ እህቴ። አርባ አንድ ዓመት የኖርኩባት ደሴ!

አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ስሙ ይቅር። "ደሜ አንሷል መሰለኝ" አልኳቸው። ግፊቴን ለኩና "ደህና ነው" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ "ደም ይጨምራል" ብለው ሽሮፕ ሸጡልኝ። የደም ግፊት መውረድና የደም ማነስ ለየብቻ መሆናቸውን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ግፊት ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ ግን ደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲጎድል ነው። ድስቱ እስከ አፉ ሞልቶ ወጡ ሊቀጥን ይችላል፤ እንደዚያ በሉት። ሽሮፑ ጣፋጭ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጨረስኩ። ዳገቱ ግን ያው ዳገት። በኋላ ሐኪሙ ጠርሙሱን አዙሮ አነበበና አብዛኛው ቫይታሚን ቢ እንደሆነ፣ ያለችው ብረት ለእኔ ጉድለት እንደማትበቃ ነገረኝ።

ኅዳር ላይ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየ። መዳፌን አስዘርግቶ ከራሱ መዳፍ ጎን አስቀመጠው። የእኔው ቡና እንደጠጣ ወረቀት ነው የሚመስል፤ ቢጫም አይደል፣ ነጭም አይደል። ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ አዘዘ።

"ደም አንሶኛል እያልኩ ደም ትቀዱኛላችሁ?" አልኩት ላቦራቶሪ ያለውን ልጅ።

"ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም" አለኝ እየሳቀ። "እርስዎ ጋ አራት አምስት ሊትር አለ።"

ሄሞግሎቢኔ 8.6 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። ያላረገዘች ሴት ከ12 በታች ከሆነች ደም አንሷታል ይባላል። እዚህ ላይ ነው ልጁ "የት ነው የሚኖሩት?" ያለኝ። እዚሁ ደሴ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ያ 12 የሚባለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የደጋ ሰው ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል። ስለዚህ ለደሴ ሰው መለኪያው ከአንድ ግራም በላይ ከፍ ይላል፤ ከ13 በላይ መድረስ ነበረብኝ። የእኔ 8.6 አሰብ ወደብ ላይ ለምትኖር ሴት ከ7 ተኩል በታች እንደማለት ነው። እህቴ ጋ ስወርድ ለምን እንደሚሻለኝም በዚያው ገባኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ያለች ናት። በትንሽ ደም ዝቅ ያለ ቦታ መኖር ይቻላል፤ ደሴ ላይ ግን ያስነቃል።

ሐኪሙ ቀጠለ።

"የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?"

"ኖርማል ነው።"

"ኖርማል ማለት ስንት?"

"ስምንት፣ ዘጠኝ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ታላቅ እህቴም እንዲሁ ናት። ቤታችን ውስጥ ዘጠኝ ቀን ማለት ኖርማል ነው። ከሰባት ቀን ካለፈ ብዙ እንደሚባል ማንም ነግሮን አያውቅም። ሌሊት ተነስቼ አንሶላ ማጠቤንም ነገርኩት፤ ለሐኪም ቀርቶ ለእህቴም ነግሬ አላውቅም። ሰገራ አስመረመረኝ። የመንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል አለኝ። ትል የለም። ኮምቦልቻ ስለምመላለስ ስለ ወባም ጠየቀኝ። እሱም የለም። አልትራሳውንድ ላይ ግን ትንሽ ማዮማ፣ የማህፀን እጢ ማለት ነው፣ ተገኘች። በየወሩ የምፈሰው በእሷ ሰበብ ነው። ስለ ጠመኔውም አፍሬ ተናገርኩ። አልሳቀብኝም። ብረት ሲያልቅ አፈር፣ በረዶ፣ ጥሬ ሩዝ የሚያምረው ብዙ ሰው አለ አለኝ።

አሁን ወደ ክኒኗ።

መልኳ ክብ፣ አነስ ያለች፣ ቀይ የተቀባች። በፍጥነት ከዋጥናት ጣዕም የላትም። ምላስ ላይ ካዘገየናት ቀለሙ ይለቅና ብረት ብረት ትላለች። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ስለምሠራ ጣዕሙን አውቀዋለሁ፤ አላስደነገጠኝም። የእኔዋ ማሸጊያ ላይ 325 ሚሊግራም ይላል። ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብረት 65 ሚሊግራም ነው፤ ቀሪው ብረቱን የያዘው ጨው ነው። መድኃኒት ቤት ስታነጻጽሩ የምትጠይቁት ንጹሑን ብረት ነው። ዋጋዋን በተመለከተ፣ የወሩን ድርሻ የገዛሁት ለአንድ ኪሎ ብርቱካን ከምከፍለው ባነሰ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ጤና ጣቢያ ከፎሊክ አሲድ ጋር በነጻ ታገኛለች።

የመጀመሪያው ወር ከንቱ ቀረ። ጥፋቱ የእኔና የቡናዬ ነው።

ጠዋት ቡና ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ የወሎ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። እኛ ሰፈር ቡናው ከነዱዓው ነው። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ምርቃቱን ተራ በተራ እናደርገዋለን። ክኒኗ ባዶ ሆድ ላይ ታቅለሸልሸኛለች። ታዲያ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ በአቦል እውጣታለሁ፣ በቶና አወራርዳታለሁ፣ በበረካ አስመርቃታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ስለካ 8.9። በአንድ ወር ዜሮ ነጥብ ሦስት ብቻ!

"በምንድን ነው የምትውጫት?" አለኝ ሐኪሙ።

"በቡና።"

ለሁለተኛ ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቡና ውስጥ ያለው መራራ ነገር አንጀት ውስጥ ብረቱን ጠፍሮ ይይዘዋል፤ ወደ ደም ሳይገባ አብሮት ይወጣል። ሻይ ከቡናም ይብሳል። ወተትም ያዳክመዋል፤ የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ። የሎሚና የብርቱካን ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ይሄን መጀመሪያ ክኒኗን የሸጠልኝ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ወር ባልከሰርኩ። በእስክሪብቶ "1x1" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ፣ በቃ። በዚያ ላይ "እናቴ" ይለኛል። እኔን!

ከጎረቤቴ ጋር ድርድር ተጀመረ። "ቡናን ብረት ጠላው? ስንት ዘመን ስንጠጣው የት ነበር?" አለች። በመጨረሻ ቡናው ወደ ሦስት ሰዓት ተገፋ። እኔ 12 ሰዓት ስነሳ ክኒኗን በብርቱካን ጭማቂ እውጣለሁ፤ ብርቱካን ሲወደድ በሎሚ ውኃ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ምግብ አልነካም። ሐኪሙ አንድ ሌላ ነገር ቀየረልኝ፤ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ። ግራ ገባኝ፤ ግማሹን እየወሰድኩ እንዴት ይሻለኛል? አንጀት በረኛ አለው አለኝ። ስሙ ሄፕሲዲን። ትልቅ ብረት ሲገባ ካየ ለአንድ ቀን ያህል በሩን ገርበብ ያደርገዋል። በማግስቱ የምትመጣዋ ክኒን በር ላይ ትቀራለች፤ ሥራዋ ሆድ መረበሽ ብቻ ይሆናል። አንድ ቀን ስትዘሉ በረኛው ይለዝባል። ይሄ ለእኔ የተባለ ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ማቅለሽለሹ ግን በዚያው ሳምንት ግማሽ ሆነልኝ።

ስለ ጉዳቷ ልናገር። ሰገራ ጥቁር ይሆናል፤ ጥቁር ስል እንደ ከሰል። ማንም ስላልነገረኝ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሽንት ቤት ውስጥ ሻሃዳዬን ያዝኩ። የተረፈው ብረት ነው፣ የሚያሰጋ አይደለም። ክኒን ሳይወስድ እንዲያ የሚያይ ሰው ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ከጨጓራ የሚመጣ ደም ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። ፓፓያ፣ ተልባና ብዙ ውኃ ረድተውኛል።

ማሸጊያዋን አልወደድኩትም። አንድ ጊዜ በስትሪፕ የታሸገው አልቋል ተብዬ ከትልቅ ጣሳ ተቆጥሮ በፌስታል ተሰጠኝ። የደሴ ጉም ሲገባ ቀለማቸው ለቆ እርስ በርስ ተጣበቁ። ቀይ እጅ ይዤ የሰው ነጭ ጨርቅ ልነካ ለትንሽ ነው። ከዚያ የባሰውን ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። ፌስታሉን ከማሽኑ መሳቢያ አውጥታ "ከረሜላ" ብላ ወደ አፏ ስታደርስ ደረስኩ። የብረት ክኒን ለሕፃን መርዝ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ነው የምትቀመጠው። ለምን ከረሜላ አስመስለው እንደሚቀቧት የሚያስረዳኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ቀይ ሥርን ያላዘዘልኝ ሰው የለም። ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው መቼም፤ ያለው ብረት ትንሽ ነው። ሁለት ሳምንት ጠጥቼ ያገኘሁት ቀይ ሽንት ነው። "ጤፍ እየበላሽ እንዴት ደም ያንስሻል?" ያሉኝም አሉ። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የሚመጣ ነው፤ ሰውነት እሱን እምብዛም አይጠቀምበትም። እንጀራው በደንብ ሲቦካ ከእህሉ ብረት የሚገኘው ይሻሻላል፤ እርሾ ጥላችሁ ሁለት ሦስት ቀን የምትጠብቁ ሴቶች ሳታውቁት ሕክምና ሠርታችኋል። ከምግብ በኩል ለእኔ የሠራልኝ ጉበት ነው። ዱለት ድሮም አልጠላም፤ አሁን ምክንያት አገኘሁለት። ምስር ወጥ ላይም ሎሚ እጨምቃለሁ።

ለውጡ ባልጠበቅኩት ተራ ነው የመጣ። ቀድሞ የሄደው የጠመኔው አምሮት ነው። ቡናውን ባራቅኩ በሁለተኛው ሳምንት ጠመኔዋን አንስቼ አየኋት፤ ጠመኔ ናት፣ በቃ። ቀጥሎ እግሬ ሌሊት ማረፍ ጀመረ። ጥር መጨረሻ 10.8 ገባሁ። የካቲት ላይ ረመዳን መጣ። ሐኪሙ እንድጾም ሲፈቅድልኝ ለክኒኗ እንዲህ የተመቸ ወር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለሱሁር ስነሳ መጀመሪያ እሷን እውጣለሁ። ቡናው የሚመጣው ከኢፍጣር በኋላ፣ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያገናኛቸው የለም። የሱሁር ሻይን ብቻ ተውኩ፤ እሱ ከበደኝ፣ አልዋሽም።

ሚያዝያ ላይ 13.4። ዳገቱን ያለባጃጅ መውጣት የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነው። አንድ ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ እየተጨቃጨቅኩ በር ላይ ደረስኩ። ቁልፉን ሳወጣ ነው አለመቆሜን ያስታወስኩት። ጥፍሬ ግን ዘገምተኛ ነው። ከሥር ጤነኛው ወፍራም ጥፍር እየገፋ ይመጣል፣ ጫፉ ላይ አሮጌው ማንኪያ አለ። መሃላቸው ላይ አንድ መስመር ይታያል። ሳቲን ስሰፋ አሁንም ሁለቱን ጣቶቼን በፕላስተር እጠቀልላለሁ።

13.4 ሲለኝ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ "እንግዲህ ላቁም?" አልኩት። ገና ነው አለኝ። ደሙ ሞላ እንጂ ጎተራው ባዶ ነው። ሰውነት ብረት የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ፤ እሱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል አለብኝ። አንድ ቀይ የደም ሴል ራሱ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፤ አዲስ ደም በአንድ ሳምንት አይቀየርም። ከሦስት ዓመት በፊትም ይሄንኑ ክኒን ለሦስት ሳምንት ውጬ ትንሽ ሲሻለኝ ወርውሬዋለሁ። ይሄን ለሐኪሙ አልነገርኩትም።

ለክኒኗ ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለማሸጊያዋና ለቀለሟ ነው። ለሽሮፑ ዜሮ። ማዮማዋ ግን እንዳለች ናት፤ ክኒኗ የፈሰሰውን ትተካለች እንጂ መፍሰሱን አታቆምም። ሰኔ ላይ ለአልትራሳውንድ ተቀጥሬያለሁ፤ የማህፀን ሐኪም ያየኛል። ቁም ሳጥኑ ላይ አራት ስትሪፕ ቀርቶኛል። ዛሬ የዝላይ ቀኔ ስለሆነ ቡናውን በሁለት ሰዓት ጠጥተናል።